የሞተር የኋላ መከላከያ አመራረጥ፦ ለጎንደር መንገድ የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

ጎንደር ውስጥ ሞተር ሲወድቅ አብዛኛውን ጊዜ የማየው ቆሞ ወይም ገና ሲነሣ ነው። ቁልቁለት ላይ ያቆሙታል፤ ስታንዱ ያረፈበት የኮብልስቶን ድንጋይ ይነቃነቅና ሞተሩ በጎኑ ይዘረጋል። ወይም ደግሞ በክረምት፣ ዝናቡ ገና እንዳባራ፣ ሰው ጭኖ ዳገት ላይ ሊዞር ሲል ያዳልጠዋል። በእንዲህ ዓይነቱ አወዳደቅ የሚጎዳው ነገር የታወቀ ነው። ፍሬቻው ይሰበራል፣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ይጨረመታል፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ ከኋላ የተቀመጠው ሰው እግር ከሞተሩ ሥር ይቀራል።

የኋላ መከላከያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ግን ያገኙትን ብረት ገዝቶ ማሰር አይበቃም። በደንብ ያልታሰበበት ብረት ማርሚታውን አድኖ ሻንሲውን ያጣምማል፤ ፍሬቻውን አትርፎ እግር ይሰብራል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ከሰዓት ሞተራችሁ አጠገብ ቁጭ በሉና ከዚህ በታች ያለውን በየተራ እዩት።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ይታወቅ። መከላከያ ብረት ለከባድ ግጭት መድኃኒት አይሆንም። የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ሃሪ ኸርት ከባልደረቦቹ ጋር በሎስ አንጀለስ አካባቢ 900 የሞተር አደጋዎችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1981 ውጤቱን ይፋ አድርጎ ነበር። መከላከያ ብረቶች በቁርጭምጭሚትና በእግር መዳፍ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ቢቀንሱም፣ በጭን፣ በጉልበትና በቅልጥም ላይ የሚደርሰው ጨምሮ ጥቅሙን እንዳጣፋው ጥናቱ ያሳያል። መኪና በፍጥነት ሲመታችሁ የሚያድናችሁ ይህ ብረት አይደለም። ቆሞ ለወደቀ፣ በዝግታ ለተንሸራተተ ሞተር ግን ጥሩ አድርጎ ይሠራል። ብረት ስለታሰረ ብቻ የሚፈጥን ሰው ካለ፣ ባይታሰርለት ይሻለው ነበር።

አንደኛ፦ ከኋላ ማን ወይም ምን እንደሚቀመጥ ወስኑ

ሱቅ ገብቶ "የኋላ ጋርድ አለ?" ማለት "መድኃኒት አለ?" እንደማለት ነው። ጥያቄው ለምን የሚሆን የሚለው ነው።

ብቻችሁን የምትነዱ ከሆነ የምትጠብቁት ማርሚታውን፣ ፍሬቻውንና የኋላ መብራቱን ነው። ቀለል ያለ የጎን ቱቦ ይበቃችኋል። እናታችሁን እሑድ ጠዋት ደብረ ብርሃን ሥላሴ የምታደርሱ ከሆነ ወይም ልጃችሁን ትምህርት ቤት የምትወስዱ ከሆነ ግን ከቱቦው በፊት የሚመጣው የልብስና የእግር መከላከያው ነው። በሥራ ወደ ቆላድባ፣ ወደ ጎርጎራ ወይም ወደ ትክል ድንጋይ የምትመላለሱ ደግሞ ጭቃውን አስቡ።

ስለዚህ "የኋላ መከላከያ" በሚባለው ስም ሥር አራት የተለያዩ ዕቃዎች አሉ። በጎን ሲወድቅ መሬቱን የሚቀበለው ቱቦ አንዱ ነው። ልብስና ተረከዝ ጎማ ውስጥ እንዳይገባ የሚጋርደው ፍርግርግ ሁለተኛው ነው። ጭቃ የሚይዘው ፓራፋንጎና የሰንሰለቱ ሽፋን ቀሪዎቹ ናቸው። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ጠንካራ ቱቦ ያለው ሞተር ላይ ነጠላ ጎማ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ፍርግርጉም ሞተሩ ሲወድቅ ክብደቱን አይችልም።

የኋላ መብራቱ ላይ የሚገጠመውን የሽቦ መረብ እንደ አምስተኛ የሚሸጥ ሰው ይኖራል። እኔ አልመክረውም። ጭቃ ይይዛል፣ ብርሃኑንም ይቀንሳል። ከኋላ የሚመጣው ሲኖትራክ ፍሬን መያዛችሁን ማየት አለበት።

ሁለተኛ፦ የልብስ መከላከያው በየት በኩል እንዳለ ተመልከቱ

ይህ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር ስለሆነ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ።

እኛ ዘንድ ከሚነዱት ሞተሮች ብዙዎቹ የህንድ ሥራ ናቸው፤ ባጃጅ ቦክሰር፣ ቲቪኤስ እና መሰሎቻቸው። የህንድ የ1989 የሞተር ተሽከርካሪዎች ደንብ በቁጥር 123 ላይ ሰው ከኋላ ለሚጭን ሞተር ሦስት ነገር ያዛል። መያዣ፣ የእግር መርገጫ እና ከኋላ ጎማው ቢያንስ ግማሹን የሚሸፍን መከላከያ። ምክንያቱንም ደንቡ ራሱ ያስቀምጠዋል፦ የተቀመጠው ሰው ልብስ በጎማው እንዳይጠመጠም ነው። ሳሪ የለበሰች ሴት በአንድ ጎን ተቀምጣ የምትሄድበት አገር ነውና ይህ የግድ ነበር።

ህንድ ውስጥ ግን ተሽከርካሪ የሚሄደው በመንገዱ ግራ በኩል ነው። እግረኛ መንገዱ በግራ ነው፤ ሴቶቹም እግራቸውን ወደ ግራ አድርገው ይቀመጣሉ። ስለዚህ ፍርግርጉ ከፋብሪካ ታስሮ የሚመጣው በግራ በኩል ነው።

እኛ በቀኝ ነው የምንነዳው። ሰው ከመንገዱ ዳር በቀኝ በኩል ይወጣል። ቀሚስ የለበሰች እናት በአንድ ጎን ስትቀመጥ እግሯን ወደ ቀኝ ማድረጓ ያለ ነው፤ መኪና ወደሚያልፍበት ማን ፊቱን ያዞራል? በቀኝ በኩል ደግሞ ያለው የጋለ ማርሚታ ነው። ከማርሚታው በላይ ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል። ለቀሚስና ለነጠላ ተብሎ የተሠራው መከላከያ ቀሚሱና ነጠላው በሌሉበት ጎን ታስሮ ይውላል ማለት ነው።

አደጋው እንዴት እንደሚደርስ እንየው። የተለመደ ባለ 17 ኢንች ጎማ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲነዳ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከአራት ጊዜ በላይ ይዞራል። የነጠላው ጫፍ ራጂው (የጎማው ቀጫጭን ዘንጎች) ውስጥ ከገባ "አቁም!" ለማለት ጊዜ የለም። ጨርቁ መሐል ላይ ይጠመጠማል፣ ይጠብቃል፣ ሌላውን ጫፍ ይስባል። ሌላው ጫፍ ደግሞ ያለው አንገት ላይ ነው። ለጥምቀት ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወረድ፣ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ በሚጓዝበት ቀን፣ ይህን እያሰብኩ ከሞተር ኋላ የሚወዛወዙትን ነጠላዎች ሁሉ እከተላለሁ።

ምን ይደረግ? ሱሪ የለበሰ ሰው ሁልጊዜ አንፈራጥጦ ይቀመጥ። ይህ ከማንኛውም ብረት ይበልጣል። ቀሚስ ከሆነና ግድ ከሆነ፣ ነጠላው ተጠቅልሎ ወገብ ላይ በደንብ ይታሰር። ሞተራችሁ እናቶችን አዘውትሮ የሚጭን ከሆነ በቀኝ በኩልም ፍርግርግ አሠሩ። ከማርሚታው በላይ ያለውን የጎማ ክፍል ይሸፍናል፤ ማርሚታው ላይ ደግሞ የሙቀት መከላከያ ላሜራ ይጨመርበታል።

ፍርግርጉን ለመምረጥ ሁለት ነገር እዩ። በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ3 ሳንቲ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። ከዚያ ከሰፋ የሕፃን ተረከዝ ይገባል። መሰላል የሚመስሉት፣ ሁለትና ሦስት አግዳሚ ብቻ ያላቸው፣ ለጌጥ እንጂ ለጨርቅ አይሆኑም። ሁለተኛ፣ ፍርግርጉ ከጎማው መሐል ዝቅ ብሎ መውረድ አለበት። ላይ ላዩን ብቻ የጋረደ ነገር የተንጠለጠለ ነጠላን አያቆምም።

ከመግዛታችሁ በፊት ወይም ከተገጠመ በኋላ ይህን ሙከራ አድርጉ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ማርሹ ነጻ ሆኖ፣ በመሐል ስታንዱ ይቁምና የኋላ ጎማው ከመሬት ይነሣ። አሮጌ ነጠላ ወይም ሻሽ ከመቀመጫው ላይ ወደ ታች ልቀቁ። አንድ ሰው ጎማውን በእጁ ቀስ አድርጎ ወደፊት ያዙር። ጨርቁን ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ወደ ታች አንቀሳቅሱት። አንድ ቦታ ላይ እንኳ ከያዘው፣ ያ ቦታ መዘጋት አለበት። ጣታችሁን ግን አርቁ።

ሦስተኛ፦ ሞተሩን ለኩ

ረጅም ቀጥ ያለ እንጨት ፈልጉ፤ የመጥረጊያ እጀታ ቢሆንም ይሆናል። አንዱን ጫፍ መሪው ዳር ላይ፣ ሌላውን የተሳፋሪው እግር መርገጫ ጫፍ ላይ አስደግፉ። ከዚህ መስመር ወጣ ብሎ የሚታይ ነገር ሁሉ ሞተሩ ሲወድቅ ቀድሞ መሬት የሚነካው ነው። ማርሚታው ነው? ፍሬቻው ነው? መከላከያው ከእነዚህ ትንሽ ወጣ ማለት አለበት፤ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር በቂ ነው።

ከዚያ በላይ ሲሰፋ ጉዳት ያመጣል። የሞተር ነጂ ዓይን የሚለካው የመሪውን ስፋት ነው። መሪው ካለፈ ሁሉም ያልፋል ብሎ ያምናል። ቅዳሜ ገበያ ሰው መሐል፣ ወይም በሁለት ባጃጆች መካከል ስታልፉ ከመሪው የሰፋ ብረት ከኋላ ካለ የሰው ቅልጥም ትመታላችሁ፤ መምታታችሁን እንኳ ላታውቁ ትችላላችሁ። የጎን ቱቦ ከመሪው ስፋት ፈጽሞ ማለፍ የለበትም። ጫፉም ተቆርጦ ክፍት የቀረ ሳይሆን ታጥፎ ወደ ውስጥ የዞረ ይሁን።

ቀጥሎ የጎማውን ጉዞ አስቡ። በከተማ ሞተሮች ላይ የኋላ ጎማው በአሞርዛተሩ (ንዝረቱን በሚቀበለው ሞላ) ምክንያት ወደ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወጣል፤ ለገጠር መንገድ በተሠሩት ላይ ደግሞ ከዚህ በጣም ይበልጣል። ሞተሩ ባዶውን ቆሞ ሳለ ሰፊ የሚመስለው ክፍተት ሁለት ሰው ሲቀመጥና ጉድጓድ ሲገባ የለም። ሁለት ከበድ ያሉ ሰዎች አስቀምጡና ሦስተኛው ከላይ ይጫን፤ እናንተ ከጎን ሆናችሁ ተመልከቱ።

አራተኛ፦ የት እንደሚታሰር ጠይቁ

ከሁሉም በላይ ትኩረት የምሰጠው ለዚህ ነው። ሰው የቱቦውን ውፍረትና የኒኬሉን ብልጭታ አይቶ ይገዛል። ኃይሉ ግን የሚያርፈው ማሰሪያው ላይ ነው። ሞተሩ በጎኑ ሲወድቅ ክብደቱ በሙሉ በዚያች ቱቦ በኩል አልፎ ሁለት ወይም ሦስት ቡሎኖች ላይ ይደርሳል። ቡሎኖቹ የገቡበት ብረት ደካማ ከሆነ ቱቦው ምንም ሳይሆን ሻንሲው ይጣመማል። ያኔ የማርሚታ ጭረት ይናፍቃችኋል።

ጥሩ ማሰሪያ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። የተሳፋሪው እግር መርገጫ የታሰረበት ወፍራም ብረት፤ አሞርዛተሩ ከላይ የተያዘበት የሻንሲ ክፍል፤ ከመቀመጫው በታች የተሳፋሪው መያዣ የታሰረባቸው ቀዳዳዎች። በአንድ ጎን ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት ቦታ ላይ ይታሰር። ቦታዎቹም የተራራቁ ይሁኑ። ሁለቱ ቡሎኖች ጎን ለጎን ከሆኑ ብረቱ እነሱ ላይ ይዞራል እንጂ አይቆምም።

መጥፎ ማሰሪያዎችንም እወቋቸው። የማርሚታው ቡሎን ብቻውን አይበቃም። የፍሬቻው ዘንግ፣ ፕላስቲክና የታርጋው ላሜራ ጭራሽ አይታሰቡም። ከሁሉ የባሰው ግን አንዱን ጫፍ ከሻንሲው፣ ሌላውን ደግሞ ጎማውን ይዞ ከሚወጣና ከሚወርደው ክንድ ጋር ማሰር ነው። ሻንሲው ቆሞ ክንዱ ይንቀሳቀሳል። አንድ ጉድጓድ ላይ ወይ ብረቱ ይቀደዳል ወይ አሞርዛተሩ መሥራት ያቆማል።

አሞርዛተሩን የያዘውን ቡሎን ፈትቶ መከላከያውን በዚያው ላይ የሚያስር ባለሙያ አለ። ቦታው ጠንካራ ስለሆነ ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ግን የመከላከያው ላሜራ በገባ ቁጥር ቡሎኑ ያጥርበታል። ዳዶው ሙሉ በሙሉ ገብቶ ትንሽ ጥርስ ከውጭ ካልታየ፣ ረዘም ያለ እኩል ጥንካሬ ያለው ቡሎን ይተካ። የአሞርዛተሩ ጎማም ተጨፍልቆ እንዳይቀር ተመልከቱ።

የግራና የቀኙ ብረት ከኋላ በአንድ አግዳሚ ቢያያዙ በጣም ይጠነክራሉ። በቀኝ የወደቀው ኃይል ለግራውም ይደርሰዋል። አግዳሚው ግን ታርጋውን፣ መብራቱንና ፍሬቻውን እንዳይሸፍን፣ ጎማው ሲወጣም እንዳይነካው ይሁን።

አምስተኛ፦ ብረቱን ምረጡ

"ፌሮ ይሁንልህ፣ ድፍን ነው፣ አይታጠፍም" የሚል በያጅ ያጋጥማችኋል። አትቀበሉት። ቁጥሩ ይናገር። 16 ሚሊ ሜትር የሆነ ድፍን ፌሮ በሜትር 1.58 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። 25 ሚሊ ሜትር ስፋትና 2 ሚሊ ሜትር ግድግዳ ያለው ቱቦ በሜትር 1.13 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ቀላሉ ቱቦ ግን ሦስት እጥፍ ያህል መታጠፍን ይቋቋማል። ብረት የሚጠነክረው ከመሐሉ ርቆ ሲቀመጥ ነው፤ የፌሮው መሐል በከንቱ የምትሸከሙት ክብደት ነው። በዚያ ላይ ፌሮ ለሕንጻ የተሠራ ስለሆነ አንዳንዱ ሲበየድ ብየዳው ዳር ይሰባበራል።

ስለዚህ ከ22 እስከ 25 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ግድግዳው 2 ሚሊ ሜትር የደረሰ ክብ ቱቦ ፈልጉ። ሱቅ ውስጥ የሚያብረቀርቁት አንዳንዶቹ ግድግዳቸው ከ1 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ለማወቅ ክፍቱን ጫፍ እዩ፤ ጫፉ በፕላስቲክ ከተደፈነ ንቀሉትና እዩ። ካልፈቀዱላችሁ በእጃችሁ መዝኑት። በጣም ቀላል ከሆነ ለጌጥ ነው።

የውሃ ቱቦ በርካሽ ይገኛል። የግማሽ ኢንቹ ውጫዊ ስፋት 21.3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለቀላል ሞተር ያገለግላል። ዚንክ የተቀባ ከሆነ ግን የሚበየድበት ቦታ መጀመሪያ ተፍቆ ይጽዳ። የዚንክ ጭስ የተነፈሰ ሰው ማታውን እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል። በያጁም የሰው ልጅ ነውና ደጅ ላይ፣ አየር በሚነፍስበት ይሥራ።

ስድስተኛ፦ ሱቅ ወይስ በያጅ?

ለሞተራችሁ ሞዴል ተብሎ የተሠራ ካገኛችሁ ከሱቅ ግዙ። ቀዳዳው ይገጥማል፣ ግራና ቀኙ እኩል ነው። "ለሁሉም ይሆናል" የተባለው ግን ለአንዱም በደንብ አይሆንም። ሲገጥሙት ቀዳዳ በግራይንደር ያሰፋሉ፣ ላሜራ ያጥፋሉ፤ በመጨረሻ በያጅ ጋር መሄዳችሁ አይቀርም።

ወደ በያጅ የምትሄዱ ከሆነ ሥራውን ራሳችሁ ቆማችሁ አሠሩ። ከመጀመሪያው እንዲህ በሉት፦

"ወንድሜ፣ ሻንሲው ላይ ምንም እንዳትበይድ። በቡሎን የሚፈታ ይሁንልኝ።"

"ብየዳ እኮ ይጠነክራል።"

"ይጠነክራል፤ ግን ሻንሲዬን አታግልብኝ።"

ምክንያቱ ይህ ነው። የሻንሲው ቱቦ ቀጭን ነው። ብየዳ ያገኘው ቦታ ዳር ዳሩ ይዳከማል፤ ከዚያ በየቀኑ በኮብልስቶን ሲንቀጠቀጥ ስንጥቁ ከብየዳው ጎን ይጀምራል። በቀለም ስለሚሸፈን ቶሎ አይታይም።

ብረቱ በሞተሩ ላይ ተለክቶ ነጥብ ነጥብ ከተያዘ በኋላ ወርዶ መሬት ላይ ይበየድ። ለዚያች ነጥብም ቢሆን ባትሪው መጀመሪያ ይፈታ። የብየዳ ጅረት ቻርጅ የሚያደርገውን ክፍልና ሌላውን ኤሌክትሮኒክስ ያቃጥላል። ቤንዚኑም ይዘጋ፤ ጋኑ ላይ እርጥብ ጨርቅ ይደረግ። የሚያፈስ ጋን ያለው ሞተር ወደ ብየዳ አይቅረብ።

ሥራው ሲያልቅ ቀለም ከመቀባቱ በፊት እዩት። ጣታችሁን በመጋጠሚያው ዙሪያ አስኪዱ። ጥሩ ብየዳ ሳይቋረጥ ቱቦውን ይዞራል፤ ሁለቱንም ብረት ይዞ ገባ ያለ ነው። ላዩ ላይ ብቻ እንደ ጠብታ ተቀምጦ ጠርዙ ከቱቦው የተለየ ከሆነ አልያዘም። የመርፌ ቀዳዳ የሚመስል ነገር ካለ ውሃ ይገባበታል። ከኋላ በኩል፣ ሰው በማያይበት፣ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። እዚያ ነው መፈተሽ። ብየዳውን በግራይንደር አለስልሶ ማሳመር የሚወድ ባለሙያ ካለም አስቁሙት፤ ጥንካሬውን ነው የሚልጠው።

ቱቦው ዙሪያውን ከተዘጋ ዝቅ ባለው ቦታ ላይ ትንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ይበሳ። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ዝናብ የገባው ውሃ ካልወጣ ቱቦው ከውስጥ ይዝጋል። ከዚያ ፀረ ዝገት ቀለም፣ ሲደርቅ ሁለት ጊዜ የላይ ቀለም።

ሰባተኛ፦ ፓራፋንጎና የሰንሰለት ሽፋን

ለከተማ ሰው እዚህ ላይ ብዙ የሚባል የለም። ከፋብሪካ የመጣውን እንዳለ ተዉት።

ወደ ደንቢያ ሜዳ ለሚወርድ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። የደንቢያ ዋልካ ጥቁር ነው፣ ይጣበቃል፣ ሲደርቅም ድንጋይ ነው። ጎማው ላይ የተጠጋ ፓራፋንጎ አስፋልት ላይ ግሩም ነው፤ ዋልካ ላይ ግን ጭቃው በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ይጠቀጠቅና ጎማውን ይይዘዋል። ሞተሩ ባለበት ይቆማል። ለዚያ መንገድ ቢያንስ አራት አምስት ሳንቲ ሜትር ክፍተት ያለው፣ ከላይ ከፍ ያለ ፓራፋንጎ ምረጡ። ልብሳችሁ ጭቃ ይነካ፤ ጎማው ግን ይዙር።

የሰንሰለት ሽፋን ሙሉ በሙሉ የሚዘጋው ይሻላል። የግብርና ባለሙያዎች የሚነዱትን ያማሃ ኤጂ 100 አይታችሁ እንደሆነ፣ ለእርሻ ሥራ የታሰበ ስለሆነ ሰንሰለቱ ዙሪያውን ተሸፍኖ ነው የሚመጣው። ከታች ግን መክፈቻ ይኑረው፤ ጭቃ መውጣት፣ ሰንሰለቱም መታየትና ዘይት መቀባት አለበት።

ስምንተኛ፦ አገጣጠሙ

ቡሎኖቹ ራሳቸው ላይ 8.8 የሚል ቁጥር ያለባቸው ይሁኑ። ቁጥር የሌለው ቡሎን ለበር ማጠፊያ ይሆናል። በመጀመሪያ ሁሉንም በእጅ ብቻ አስገቧቸው። አንዱን ጨርሳችሁ ካጠበቃችሁ ሌላው ቀዳዳ አይገናኝም፤ በኃይል የተገናኘ ብረት ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማሰሪያውን እየጎተተ ይኖራል። ሁሉም ከገቡ በኋላ በየተራ አጥብቁ። ለ8 ሚሊ ሜትር ቡሎን ከ20 እስከ 25 ኒውተን ሜትር ይበቃል፤ ለ10 ሚሊ ሜትር ከ40 እስከ 50። የመለኪያ ቁልፍ ያለው ጋራዥ ካለ በዚያ አሠሩ። ከዳዶው ሥር ባለ ሞላ ሮንዴላ አይቅር።

ከዚያ እነዚህን አንድ በአንድ እዩ። የኋላ ጎማው ዘንግ ወደ ጎን ተስቦ የሚወጣበት መንገድ ክፍት ነው? ጎማ ከከተማ ውጭ ሲፈነዳ ዘንጉን ለማውጣት መከላከያውን መፍታት ካለባችሁ ስህተት አለ። ሰንሰለቱ ሲላላ ጎማው ወደኋላ ይሳባል፤ ማስተካከያው ጋ ቁልፍ ይገባል? ማርሚታው ከቱቦው ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃል? የፍሬን ዘንግና የመብራት ሽቦ ብረት ላይ እየታከኩ አይደለም?

አሁን ትልቁ ሙከራ። አሮጌ የመኪና ጎማ መሬት ላይ አስተኙ። ቤንዚኑን ዝጉ። የተሳፋሪው መርገጫ ላይ ባዶ ቦት ጫማ አስቀምጣችሁ በስስ ገመድ ያዙት። ሁለት ሦስት ሰው ሆናችሁ ሞተሩን ቀስ አድርጋችሁ ጎማው ላይ በጎኑ አስተኙት። ማን ቀድሞ ነካ? ቱቦው መሆን አለበት። ቦት ጫማው ተጨፍልቋል ወይስ ቦታ አለው? ከተጨፈለቀ መከላከያው ለማርሚታው እንጂ ለሰው አልተሠራም፤ ወደ በያጁ ተመለሱ። ሞተሩን ተኝቶ አታቆዩት፤ አይታችሁ ወዲያው አንሡ። በሁለቱም ጎን ድገሙት።

ከመቶ ኪሎ ሜትር በኋላ፣ ማለትም እስከ ደባርቅ ደርሳችሁ ያህል፣ ቡሎኖቹን በሙሉ እንደገና ሞክሯቸው። አዲስ ቀለም ሲጫን ይላላል። ከብረቱ ሥር የካላማዳሪያ ቁራጭ ካደረጋችሁ ደግሞ ጎማው እየሳሳ ስለሚሄድ በየወሩ እዩት።

ከተገጠመ በኋላ

መከላከያው ፖርቶመጋላ አይደለም። ውሃ ሲጠፋ በግራና በቀኝ ጀሪካን የሚያንጠለጥልበት ሰው አያለሁ። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 40 ኪሎ ግራም ነው፤ ከኋላ ጎማው ዘንግ ወዲያ ተንጠልጥሎ የፊቱን ጎማ ያቀለዋል። ዳገት ላይ መሪው አልታዘዝ ይላል። ማሰሪያዎቹም ለአንድ ቀን መውደቅ እንጂ ለዕለት ተዕለት ጭነት አልተሠሩም። ውሃ የምትጭኑ ከሆነ ለጭነት የተሠራ መጫኛ ከመቀመጫው በላይ አስገጥሙ።

ሞተሩ አንድ ጊዜ ከወደቀ በኋላ ቱቦው ትንሽ ቢጎብጥ ተስፋ አትቁረጡ፤ ሥራውን ሠርቷል። ግን ፈትታችሁ አውርዱት። ማሰሪያዎቹ ዙሪያ ያለውን የሻንሲ ቀለም በፀሐይ ብርሃን ተመልከቱ። ቀለሙ በቀጭን መስመር ከተሰነጠቀ ከሥሩ ብረቱ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው፤ ሰው ሳትጭኑ ወደ ጋራዥ ውሰዱት። የተለጠጡ ቡሎኖች በአዲስ ይቀየሩ። የጎበጠውን ቱቦ አንድ ጊዜ ማቅናት ይቻላል። በዚያው ቦታ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ከጎበጠ ግን ጣሉትና ሌላ አሠሩ።